ሬዚን ሙጫ ብቻ አይደለም፦ ስለ ፋይበር ግላስና ስለ ምት ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በፋይበር ግላስ ሥራ፣ ማለትም የመስታወት ክርን ሬዚን በሚባል ፈሳሽ አርሶ በማድረቅ፣ የምንተዳደር ሰዎች በየስልካችን የተቀባበልነው አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው መሐንዲስ ናቸው። የጻፉትም ለእኛው ነው፤ በቱሉ ዲምቱ፣ በገላንና በአቃቂ ዙሪያ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ የውኃ ታንከር፣ የመኪና ኮፈን፣ ፓራፋንጎና የባጃጅ ጣሪያ ለምንሠራ። ያነሱት ጥያቄ በየቀኑ የሚያስጨንቀን ነው፦ የሠራነው ዕቃ ድንጋይ ሲፈናጠርበት ወይም ከመኪና ሲራገፍ ሲወድቅ ለምን ይሰነጠቃል?

መልሳቸውን ላላነበበ ሰው በአጭሩ ላስቀምጠው። ምቱን የሚሸከመው ፋይበሩ ነው፣ ሬዚን ክሩን የሚያጣብቅ ሙጫ ነው ይላሉ። ሬዚኑ በጠጠረ ቁጥር ዕቃው ምት ይችላል፣ ስለዚህ ካታሊስት (ሬዚኑን የሚያደርቀውን ፈሳሽ) ጨምሩ፣ ዱቄት ቀላቅሉበት ይላሉ። ገንዘብ ያለው ኢፖክሲ የሚባለውን ውድ ሬዚን ገዝቶ ይገላገል፣ የሌለው ሁለት ድርብ ማት (ከተበተነ የመስታወት ክር የተሠራ ምንጣፍ) ይጨምር ይላሉ። በመጨረሻም የተመታ ዕቃ ፊቱ ካልተሰነጠቀ ደህና ነው፣ ጭረቱን በስቱኮ ሞልታችሁ ቀለም ቀቡት ብለው ይደመድማሉ።

ስለዚህ ሙያ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነውና መጻፋቸውን አመሰግናለሁ። ዝም ማለት ያልቻልኩት ጽሑፉ በደረሰን በማግሥቱ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ካታሊስቱን እጥፍ አድርጎ ሲቀዳ ስላገኘሁት ነው። «ኢንጂነሩ ብለዋል» አለኝ። እንግዲያው በየነጥቡ ልመልስ።

«ምቱን የሚሸከመው ፋይበሩ ነው»

ጽሑፋቸውን የጀመሩት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በሚለው ተረት ነው። ድሩ የመስታወት ክሩ፣ አንበሳው ምቱ መሆኑ ነው። ተረቱ ለእኛ ሥራ የተተረተ ይመስላል። ጉልበቱ ያለው ግን «ቢያብር» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ማት ከጥቅሉ ላይ ቆርጠው ቢይዙት እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል፣ በሁለት እጅ ሳብ ሲያደርጉት ይቀደዳል። ክሮቹ እንዲያብሩ የሚያደርጋቸው በመካከላቸው የገባው ሬዚን ነው። እሱ ሲሰነጠቅ አንድም ክር ሳይበጠስ ኅብረታቸው ያከትማል።

መጠኑንም እንየው። በእጅ፣ በብሩሽና በሮለር የምንሠራው የማት ሥራ በክብደት 30 በመቶ ያህሉ መስታወት ነው። መስታወት ከሬዚን ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ በይዘት ሲሰላ 17 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከታንከራችን ግድግዳ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ቦታ በሬዚን የተያዘ ነው። ይህን ሁሉ «ሙጫ» ብሎ ማለፍ ስለ ጭቃ ቤት ሲያወሩ ጭዱን አንስቶ ጭቃውን መርሳት ነው። በእኛ ሰፈር ቤት ያስመረገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጭዱ ያው የጤፍ ጭድ ሆኖ አፈሩ ሲለወጥ ወይም ጭቃው በደንብ ሳይቦካ ሲቀር ምርጊቱ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል።

አሁን ወደ ምቱ እንምጣ። ድንጋይ ሲያርፍበት ግድግዳው ጎንበስ ይላል፤ ከምቱ በተቃራኒ ያለው ፊት ይሳባል። መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ሬዚኑ ነው፦ በክሮቹ መካከል ዓይን የማያያቸው ቀጫጭን ስንጥቆች ይከፈታሉ። ስንጥቁ ወደሚቀጥለው ንብርብር ሲደርስ በሌላ አቅጣጫ የተኛው ክር ያግደዋል። ያኔ መንገዱን ይቀይርና በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ጋደም ብሎ ይሮጣል። ንብርብሩ ተላቀቀ የምንለው ይኸንን ነው። ክሩ የሚበጠሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ያውም ምቱ ከበረታ። እንግዲህ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ጉዳት የደረሱት በሬዚኑ ላይ ከሆነ፣ ፋይበሩ ብቻ ምቱን ተሸከመ የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

የመስታወት ክር ለብቻው ሲሳብ ከ4 በመቶ በላይ ረዝሞ ነው የሚበጠሰው። በብዛት የምንገዛው ተራው ሬዚን፣ ኦርቶ ፖሊስተር፣ ግን 2 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ይሰበራል። ጉዳዩ ከዚህም ይብሳል። መስታወቱ ከሬዚኑ 20 እጥፍ ያህል ግትር ነው። ንብርብሩ ከክሩ አቅጣጫ ተሻግሮ ሲሳብ ክሩ አይለጠጥም፤ መለጠጡ ሁሉ በክርና በክር መካከል ባለችው ቀጭን ሬዚን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ዕቃው በጠቅላላው ገና 1 በመቶ እንኳ ሳይለጠጥ ውስጡ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። የሬዚን ምርጫ ለውጥ የሚያመጣውም እዚህ ላይ ነው። ቪኒል ኤስተር የሚባለው ሌላ ሬዚን፣ ጥሩው ከሆነ፣ እስከ 5 በመቶና ከዚያም በላይ ይለጠጣል፤ ጎማ የተቀላቀለበት ደግሞ ያንን ያልፋል። ማቱ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ድርቡ እኩል ሆኖ፣ የሠሪው እጅ ያው ሆኖ፣ የተላቀቀው ቦታ ስፋት በሬዚኑ ብቻ ይለያያል።

ይህን የወርክሾፕ ሰው አስተያየት ነው ብለው እንዳያልፉት አንድ የታወቀ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1981 ዊሊያምስና ሮድስ የተባሉ የናሳ ተመራማሪዎች ከካርቦን ፋይበር የተሠሩ ንብርብሮችን በ24 ዓይነት የሬዚን ሥርዓት ሠርተው መቱ። ከዚያ የተመቱትን ጨመቋቸው፤ ምት የቀመሰ ንብርብር ድካሙ የሚታወቀው ሲጨመቅ ነውና። ከ24ቱ ውስጥ ጉልህ መሻሻል ያሳዩት 5 ነበሩ። ምት በመቻልና ባለመቻል መካከል ልዩነት ያመጣው በአብዛኛው ሬዚኑ ሲሳብ የሚያሳየው ጠባይ ሆኖ ተገኘ። ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ጠቆሙ፦ በክሮቹ መካከል ሬዚኑ ተሰብስቦና ተለጥጦ ኃይሉን እንዲውጥ በይዘት 40 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሬዚን ሳያስፈልግ አይቀርም። «ሬዚኑን አንጠፍጥፋችሁ ጨምቁት» የሚለው ምክር ራሱ ልክ አለው ማለት ነው፤ እኛ በእጅ ስንሠራ ግን ችግራችን የሬዚን ማነስ ሆኖ አያውቅም።

መሐንዲሱ እውነት የያዙበት ቦታ አለ፤ እሱን መካድ አልፈልግም። ምቱ በጣም ፈጣን ሲሆንና ጥያቄው «ያልፋል ወይስ አያልፍም?» ሲሆን ፋይበሩ ዋናው ነው። የአሜሪካ ጦር ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ የተጠቀመበትን የኬቭላር የራስ ቁር ይመልከቱ። ሬዚኑ ከክብደቱ ከአምስት አንድ እጅ በታች ነው፣ ክሩንም አጥብቆ አይዝም። ጥይት ሲመታው ንብርብሮቹ እንዲላቀቁና ክሩ ነፃ ሆኖ እንዲሳብ ተብሎ የተሠራ ነው። እዚያ መላቀቅ ጥቅም ነው፤ ቁሩ ከዚያ በኋላ ውኃ አይይዝም፣ ሸክም አይሸከምም። የእኛ ታንከር ግን ከተመታ በኋላም ዓመታት ውኃ ተሞልቶ መቆም አለበት። መወጋትን መቋቋምና ተመትቶ ሥራ መቀጠል ሁለት ፈተናዎች ናቸው። ጽሑፉ አንድ አድርጎ ነው ያያቸው።

«ሬዚኑ በጠጠረ ቁጥር ምት ይችላል»

ከሁሉ የምቃወመው ይህን ነው፤ ልጆቻችን ቶሎ የሚተገብሩት እሱን ስለሆነ። «በጥፍራችሁ ጫሩት፣ ካልተጫረ ጠንካራ ነው» ብለዋል። የመስኮት መስታወትም በጥፍር አይጫርም። መጠጠርና ምት መቻል በአማርኛም ሁለት ጠባይ ናቸው፤ ቻይ የምንለው ሰው የሚሸከም እንጂ የማይነካ አይደለም። በሬዚን ቋንቋ ቻይነት የሚለካው አንዴ የተጀመረ ስንጥቅ ወደ ፊት ለመሄድ ስንት ጉልበት እንደሚጠይቅ በማየት ነው። በጣም ጠጣር ሬዚኖች ብዙውን ጊዜ ስንጥቁን በርካሽ ያሳልፉታል።

በባርኮል መለኪያ ጥጥሬን መለካት አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ይጠቅማል። የሚነግረን ግን ሬዚኑ መብሰል አለመብሰሉን ነው።

ዱቄቱን በተመለከተ፣ ታልክ ወይም የኖራ ድንጋይ ዱቄት መቀላቀል ሬዚኑን ያወፍራል፣ ያጠጥራል፣ ዋጋውንም ይቀንሳል። የመለጠጥ አቅሙን ግን ይበላዋል። ለሞልድ (ለቅርጽ ማውጫው) ማዕዘን መሙያ ይሁን፤ ድንጋይ ለሚያርፍበት ግድግዳ አይሁን።

ካታሊስቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፖሊስተሩን የሚያስነሳው ኤምኢኬፒ የተባለው ካታሊስት ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ነው፣ ማለትም ከ1 እስከ 2 በመቶ። ከዚያ ሲያልፍ ሬዚኑ በድንገት ይግላል፣ ይጋገራል። ፖሊስተር ሲደርቅ በይዘቱ ከ5 እስከ 8 በመቶ ይኮማተራል፤ ፋይበሩ ግን አይኮማተርም። በፍጥነትና በግለት ሲደርቅ ይህ ጉተታ ውስጡ ታስሮ ይቀራል። በወፍራም ማዕዘኖች ላይ ማንም ሳይነካው የፀጉር ስንጥቅ የሚታየው ለዚህ ነው። ዕቃው ገና ሳይመታ ከመለጠጡ ከፊሉን በልቶ ወጣ ማለት ነው።

ካታሊስት የምንጨምረው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ጨምሬ አውቃለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ የእኛ አካባቢ ሌሊት በጣም ይቀዘቅዛል፣ ቆርቆሮውም ብርዱን አይከለክልም። ማታ የተደረበ ሥራ ጠዋት ሲነኩት ይጣበቃል፣ ደንበኛ ደግሞ በር ላይ ቆሟል። ብርዱን በካታሊስት ማሸነፍ ግን አይቻልም። ቅዝቃዜው የጀመረውን መብሰል መሃል ላይ ያቆመዋል፤ ላዩ ይጠጥርና ውስጡ ያልተያያዘ ስታይሪን (የሬዚኑን ማቅጠኛ ፈሳሽ) ይዞ ይቀራል። መፍትሔው ሙቀት ነው። ሬዚኑን ከመቅዳት በፊት ለብ ያለ ክፍል ውስጥ ማሳደር፣ ከባድ ድርብ ሥራን ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ መጀመር፣ የተጠናቀቀውን ዕቃ በሸራ ከልሎ በ40 ዲግሪ 16 ሰዓት ያህል ማቆየት። ይህን ሙቀት ያገኘ ተራ ፖሊስተር፣ ሳይበስል ከቀረው ውድ ሬዚን ይሻላል።

በዚሁ አንቀጽ ላይ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲታረም ጸሐፊውን አጥብቄ እለምናለሁ። «ኮባልቱንና ካታሊስቱን በአንድ ጣሳ አዘጋጅታችሁ ያዙ» ብለዋል፤ ኮባልት ማለት ሬዚኑ ቶሎ እንዲደርቅ የሚያግዘው ማፋጠኛ ነው። ኢንጂነር፣ ሁለቱ ሬዚን ሳይኖር በቀጥታ ከተገናኙ ይቃጠላሉ፣ ሊፈነዱም ይችላሉ። ኮባልቱ አስቀድሞ ሬዚኑ ውስጥ ገብቶ በደንብ ይማሰላል፤ ካታሊስቱ ከዚያ በኋላ ለብቻው ይጨመራል። የአንድ ልጅ ዓይን የሚጠፋው በአንድ ጠብታ ነው። ስለ ምት ያለን ልዩነት ይቆይ፣ ይህ ግን ዛሬውኑ ይታረም።

«ኢፖክሲ ግዙና ተገላገሉ»

የሰጡት ማስረጃ ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ይህ አውሮፕላን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት (ክርና ሬዚን የተዋሃዱበት ዕቃ) ነው፤ ሬዚኑም የኢፖክሲ ቤተሰብ ነው። እስከዚህ ልክ ናቸው። ይሁን እንጂ ኢፖክሲ እንደ «እህል» ያለ ስም ነው፤ ጤፍም እህል ነው፣ ባቄላም እህል ነው። በናሳው ፈተና የወደቁትም የተሻሉትም ኢፖክሲዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአውሮፕላን ላይ የዋሉት የመጀመሪያዎቹ ኢፖክሲዎች ግትርና ሙቀት ቻይ ቢሆኑም ምት ላይ ተሰባሪ ነበሩ፤ ጥናቱ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። የዛሬዎቹ የተለወጡት በውስጣቸው በገባው ነገር ነው። በድሪምላይነሩ ዋና አካል ላይ ያለው ሬዚን በንብርብርና በንብርብር መካከል ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ተበትነውበታል፤ ስንጥቁ ጋደም ብሎ ለመሮጥ ሲሞክር እነሱን መጎተትና መለጠጥ ግድ ይሆንበታል። ከዚያ በግፊት እቶን ውስጥ ወደ 180 ዲግሪ ይጋገራል። ከመርካቶ በጣሳ የሚገዛው የወለል ኢፖክሲ ከዚህ ጋር የሚጋራው ስሙን ነው።

«ቫኩም ተጠቀሙ»፣ ማለትም ሥራውን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ አየሩን በፓምፕ ምጠጡ፣ የሚለው ተጨማሪ ምክራቸው ጥሩ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ፤ ሆኖም ከባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ መመሪያ እንዳለ እንዳንቀዳ። ቫኩም ራሱ አይጫንም፤ የሚጫነው ከፕላስቲኩ ውጪ ያለው አየር ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ግፊት ከአራት ሦስት እጁ ብዙም አይበልጥም። ምርጥ ፓምፕ ቢኖረን እንኳ ማቱ የሚጨመቀው በዚያው ልክ ነው፤ ስታይሪኑም በዝቅተኛ ግፊት ቶሎ ይተናል፣ አረፋ ይተዋል። በንብርብር መካከል የቀረ አረፋ ደግሞ ለስንጥቅ የተዘጋጀ በር ነው።

ወደ ኢፖክሲው ልመለስ። የምንጠቀመው ማት ክሮቹ ተበትነው በማያያዣ የተጣበቁ ናቸው። ያ ማያያዣ የተሠራው በፖሊስተሩ ውስጥ ባለው ስታይሪን እንዲሟሟ ነው። ኢፖክሲ ውስጥ ስታይሪን የለም። ስለዚህ ማያያዣው አይሟሟም፣ ማቱ አይለሰልስም፣ ማዕዘን ላይ አልታጠፍም ብሎ ይነሳል፣ ክሮቹም በደንብ አይርሱም። ውድ ሬዚን ገዝቶ በዚህ ማት ላይ ያፈሰሰ ሰው ደረቅ ክርና አረፋ የሞላበት ንብርብር ያገኛል፤ ምት ሲያርፍበት ከተራው ፖሊስተር ቀድሞ ቢላቀቅ አይገርመኝም። ኢፖክሲ የሚፈልግ ሰው ለኢፖክሲ የታከመ የተሸመነ ጨርቅ መግዛት አለበት።

ሌላም አለ። የፖሊስተር ካታሊስት ምላሹን ያስነሳል እንጂ የዕቃው አካል አይሆንም፤ ጥቂት ቢዛነፍም ሥራው ይወጣል። የኢፖክሲ ማጠጠሪያ (ሃርድነር) ግን ራሱ የሬዚኑ አካል ነው። በዓይን ግምት ከተቀዳ የተረፈው ወገን ተያያዥ አጥቶ ይቀራል፤ ሚዛን የሌለው ወርክሾፕ ኢፖክሲ አይንካ። በክፍል ሙቀት የደረቀ ብዙ ኢፖክሲ ደግሞ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ሞተር ላይ የተቀመጠ ጥቁር ኮፈን በቀትር ፀሐይ ይህን በቀላሉ ያልፋል።

«ጎማ የገባበት ኢፖክሲ ከተራው አሥር እጥፍ ቻይ ነው፣ ስለዚህ ዕቃውም አሥር እጥፍ ይችላል» የሚለው ስሌትም አይሠራም። ተሰባሪ ሬዚን ላይ ቻይነት ሲጨመር ንብርብሩ ሙሉውን ያገኘዋል፤ ሬዚኑ ከተወሰነ ደረጃ ካለፈ በኋላ ግን ከሚጨመረው ወደ ንብርብሩ የሚደርሰው ሲሶው ያህል ነው። ምክንያቱ ቦታ ማጣት ነው። ቻይ ሬዚን ኃይል የሚውጠው በስንጥቁ ጫፍ ዙሪያ ሰፊ ቦታ ላይ በመለጠጥ ነው፤ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ግትር ክሮች ያንን ስፋት ይነፍጉታል። ለኪስ ሲተረጎም፣ ትልቁ ጥቅም ያለው ከተሰባሪው ሬዚን ወደ መካከለኛው በምናደርገው የመጀመሪያ እርምጃ ላይ ነው።

ያ መካከለኛ ለእኛ ቪኒል ኤስተር ነው። በያዝነው ማት ይሠራል፣ በያዝነው ካታሊስት ይደርቃል፣ ከተራው ፖሊስተር ከእጥፍ በላይ ይለጠጣል፣ ውኃም አይበላውም። ዋጋው ከፍ ይላልና ለሁሉም ድርብ ማዋል የማይችል በአንድ ወገን ያውለው። ታንከር ከውጭ ሲመታ ስስ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይጎብጣል፣ የሚሳበውም የውስጡ ፊት ነው። ውኃ የሚነካውም እሱ ነው። የውስጡን ሁለት ድርብ በቪኒል ኤስተር፣ የቀረውን በፖሊስተር መሥራት በሁለቱም በኩል ይከፍላል። እኔ አሁን የምሠራው እንደዚህ ነው።

«ሁለት ድርብ ማት ጨምሩ»

ለመወጋት ይረዳል፣ አልክድም። ነገር ግን ውፍረት እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። የማይጎብጥ ግድግዳ ምቱን ተለጥጦ አያበርድም፤ ኃይሉ ሁሉ ባረፈበት ነጥብ ላይ ይከማቻል፣ መላቀቁም ከምቱ ሥር ይጀምራል። በተሰባሪ ሬዚን ላይ ተሰባሪ ሬዚን መደረብ ክብደት ነው። ገንዘቡ ካለ በሮቪንጎቹ (ከወፍራም ክር በተሸመኑት ጨርቆች) መካከል አንድ አንድ ማት እየገባ ቢደረብ ንብርብሮቹ የተሻለ ይያያዛሉ።

«ፊቱ ካልተሰነጠቀ ደህና ነው»

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ መኖሪያ ቤት የሠራሁት ታንከር ሲራገፍ ከመኪናው ጫፍ ተንሸራቶ በጎኑ ድንጋይ ላይ አረፈ። ሮጠን አየነው። ጄልኮቱ (የላይኛው ሽፋን) ላይ የጥፍር ያህል ጭረት ነበረች፤ ሌላ ምንም የለም። ባለቤቱም እኔም ተመስገን አልን፣ ታንከሩ ቆጥ ላይ ወጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ ስልክ ተደወለ፦ ታንከሩ ከዚያው ጎኑ ያልባል። ስደርስ ውኃው ጠብታ ጠብታ እያለ ግድግዳውን አርሶታል። አውርደን ያንን ቦታ በግራይንደር ቆርጬ አወጣሁትና ወደ ፀሐይ አነሳሁት። ከላይ የጥፍር ያህል የነበረችው ጭረት ከውስጥ በኩል የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ ክብ ሆና ነበር። ንብርብሮቹ ተላቀው፣ ውኃው በመካከላቸው መንገድ አግኝቶ። ክሩ ግን አልተበጠሰም።

ጉዳቱ ለምን ወደ ውስጥ እየሰፋ እንደሚሄድ አስቀድሜ ያልኩት ነው፤ ስንጥቁ ከንብርብር ወደ ንብርብር እየወረደ በየደረጃው ይዘረጋል። የተመታው ፊት የመጨረሻው ምስክር ነው። አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ይህን በዓይን የማይታይ ጉዳት እንደ ትልቅ ጠላት ስለሚያዩት የተለየ መፈተኛ አላቸው፦ ኤኤስቲኤም ዲ 7136 በሚባለው ደንብ 100 በ150 ሚሊሜትር የሆነ ቁራጭ ላይ ክብደት ይለቀቃል፣ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ውፍረት 6.7 ጁል (የምት ጉልበት መለኪያ)፤ ከዚያ ቁራጩ ይጨመቃል። በእኛ መለኪያ ላስቀምጠው፦ 5 ሚሊሜትር ለሆነ ግድግዳ 2 ኪሎ ብረት ከ1 ሜትር ከ70 ቢወድቅ ያንን ያህል ነው። ከሰው ቁመት የተለቀቀ ከባድ መዶሻ እንደ ማለት።

መጨመቂያ ማሽን የለንም። ፀሐይ ግን አለን። ጄልኮትና ቀለም ያልገባበት የመስታወትና የፖሊስተር ንብርብር ብርሃን ያሳልፋል፤ የተላቀቀው ቦታ ነጭ ሆኖ ይለያል። ከአዲስ ሬዚን ጋር ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሁልጊዜ ሁለት ቁራጭ እሠራለሁ፣ አንዱን በአሮጌው አንዱን በአዲሱ፣ ማቱ፣ ድርቡና የማቆያው ቀን እኩል ሆኖ። ከአንድ ከፍታ ያንኑ ብረት እለቅባቸውና በመስኮት ፊት ጎን ለጎን አነሳቸዋለሁ። የነጩን ክብ ዳር በማርከር አከባለሁ። ስለ ሬዚን ምርጫ ከማንም ሻጭ ቃል በላይ የምተማመነው በዚያ ክብ ነው። ቀለም የተቀባ ዕቃ ሲሆን ደግሞ በ1 ብር ሳንቲም ይኳኳ፤ ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው ደነዝ ይላል።

ስቱኮውን በተመለከተ፣ ስቱኮ ብዙ ዱቄት ያለበት ፖሊስተር ነው፤ ክር የለውም። በተላቀቀ ንብርብር ላይ መሙላት ቁስሉን መሸፈን ነው፣ ቀጥሎ የሚያየው ሰውም እንዳያውቀው ያደርጋል። የተላቀቀው ሁሉ ደነዙ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ በግራይንደር ይነሳ። ዳሩ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊሜትር ጥልቀት ቢያንስ 12 ሚሊሜትር እየተዘረጋ ይቀጠን። አቧራው ይጠረግ፣ በአሴቶን ይጠረግ፣ ይድረቅ። ከዚያ ከትንሹ ማት ወደ ትልቁ እየተደረበ ይሞላ፤ እዚህ ላይ ቪኒል ኤስተር ቢሆን አሮጌውን ንብርብር የተሻለ ይይዛል። በቂ ሙቀትና ጊዜ አግኝቶ ይብሰል፣ ዳግም በሳንቲም ይኳኳ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ስቱኮውና ቀለሙ ያኔ ይቀቡ።